«ቀልብሽን ሰብስቢ»

እናቴ በቀን አሥር ጊዜ የምትለኝ ነገር ነበር። ስኒ ከእጄ ሲያመልጥ፦ «ቀልብሽን ሰብስቢ!» ለጨው ተልኬ ክብሪት ይዤ ስመለስ፦ «ምነው ቀልብሽን ብትሰበስቢ!» አስተማሪዎቼም ይሉኝ ነበር። አድጌ ሥራ ስይዝ አለቃዬ ያንኑ ነገር ከረባት አስሮለት አመጣው፦ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ፎከስ ይጎድልሻል።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀልቤን ስሰበስብ ኖርኩ። በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የአእምሮ ሐኪም ኤዲኤችዲም ኦቲዝምም እንዳለብኝ ነገረችኝ። ሁለቱም። ኤዲኤችዲ ቀልብን መያዝና ነገር መጀመር የሚያስቸግርበት፣ ኦቲዝም ደግሞ ከሰው ጋር መግባባት የሚከብድበት፣ ድምፅና ንክኪ የሚበዛበት አእምሮ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አዲስ አበባ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምጽፈው እንደኔ የሚደናበር ሰው ካለ፣ እኔ ዘግይቼ ያገኘሁትን ቀደም ብሎ እንዲያገኘው ነው። የሚሆናችሁን ውሰዱ፣ የማይሆነውን ተዉት።

እንደኔ ያለውን ሰው ኒውሮዳይቨርጀንት ይሉታል፤ አእምሮው ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ የሚሠራ ለማለት ነው። በአማርኛ ጥሩ ስም አላገኘሁለትም። ያደግኩባቸው ስሞች ዝንጉ፣ ፈዛዛ፣ ደንባራ፣ ቀልበ ቢስ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። የዚያን ዓመት ፋሲካ የዘመድ ጥየቃው በዛ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደምታውቁት ሰርግ ነው። የአክስቴ ልጅ አገባች፣ እኔ ሚዜ ነበርኩ። ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ። ከዚያ ሰኔ መጣ። ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔ 30 ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዓመቱ ተዘጋ። እኔም አብሬ ተዘጋሁ። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ጠዋት፣ አንድ እግር ጫማ ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን ለማንሳት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አላለቀስኩም። ዝም ብሎ እጄ አልታዘዝ አለ።

አክስቴ «ዓይን ነው» አለች። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፤ ሄድኩ፣ አልጎዳኝም። ጎን ለጎን ሐኪም ጋም ሄድኩ። የመጀመሪያው ድብርት ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ትንሽ ረዳኝ፣ የጫማው ጉዳይ ግን አልተፈታም። ያልጠበቅኩትን ነገር የጠየቀችኝ ሁለተኛዋ ሐኪም ናት። «በልጅነትሽ የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ኤዲኤችዲ ነው ለማለት ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታየ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ወላጅ የሚፈለገው።

እናቴን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ስለ ልጅነቴ ስትጠይቃት እናቴ ምስክርነት የምትሰጥ መሰላት።

«ኧረ ዶክተርዬ፣ እሷ አስቸግራኝ አታውቅም! ጭምት ናት። ብቻ ሹራብ አትለብስም። ያን የዩኒፎርም ሹራብ በዚያ ብርድ አውልቃ በእጇ ይዛው ነው የምትመጣው። ቲማቲም ያለበት ነገር ደግሞ አፏ አይገባም፣ ያንሸራትታል ትላለች። እንግዳ ከመጣ አልጋ ሥር ናት። ደብተር በዓመት ሦስቴ ትጥላለች። ቆርኪ በቀለም በቀለሙ ስትደረድር ግን ቀኑን ሙሉ ድምጿ አይሰማም።»

ሐኪሟ ስትጽፍ ስትጽፍ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጠረጴዛውን እያየሁ ነበር።

ስለዚች «ጭምት» ስለምትባል ቃል ብዙ አስቤያለሁ። ወንድ ልጅ ወንበር ላይ አልቀመጥ ካለ «ቅብጥብጥ» ይባልና ወላጅ ይጠራል። ቅብጥብጡ ጭንቅላቷ ውስጥ የሆነባት ሴት ልጅ ግን ትመሰገናለች። ሰው ዓይን ማየት ይከብደኛል። እኛ ጋ ደግሞ አንገቷን የደፋች ልጅ ጨዋ ናት። ስለዚህ ማንም ልብ አላለም። እስከ መጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ድረስ። እዚያ ጨዋነቴ «በራስ መተማመን የላትም» ሆነ።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል ራሱን የሰማሁት በቴሌቪዥን ከዘሚ የኑስ ነው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፣ በ2021 እስካረፉም ድረስ ስለዚሁ ሲናገሩ ኖሩ። በወላጆች የተቋቋመው ነህምያም አለ። እነሱ ባይናገሩ ብዙዎቻችን ቃሉን እንኳ አናውቀውም ነበር። ግን በኔ ጭንቅላት የተሳለው የማይናገር ትንሽ ወንድ ልጅ ነበር፤ ሒሳብ የምትዘጋ፣ ሚዜ የምትሆን ሴት አልነበረችም። ደግሞ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ አንድ ሰው ላይ ይገኛሉ ብሎ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በፊት ኦቲዝም ካለ ኤዲኤችዲ አብሮ አይጻፍም ነበር። ሐኪሟ ይሄን ስትነግረኝ ብዙ ነገር ገባኝ። ውስጤ ሁለት ሴቶች ይኖራሉ። አንዷ ሁሉ ነገር በቦታው እንዲሆን ትፈልጋለች። ሌላዋ ቦታውን ትረሳዋለች።

ስለ መድኃኒት አልናገርም፤ ያ የያንዳንዱ ሰውና የሐኪሙ ጉዳይ ነው። የማወራው ስለ ኑሮው ነው።

ከታክሲ ልጀምር። ሙዚቃው፣ የረዳቱ ጥሪ፣ የጎረቤቴ ክርን፣ የናፍጣው ሽታ፣ ሁሉም እኩል ጮኾ ነው የሚገባብኝ። የሌላው ሰው ጆሮ ዘበኛ አለው፣ የኔ በሩ ክፍት ነው። የባሰው ግን «ወራጅ አለ!» ማለት ነው። አትሳቁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ በትክክለኛው ሰኮንድ። ከአራት ኪሎ ስመጣ እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ መውረድ ሲገባኝ፣ ቃሉን አፌ ውስጥ እያዘጋጀሁ ስንቴ መገናኛ ድረስ እንደሄድኩ እኔና ጫማዬ እናውቃለን።

አሁን ሂሳብ ስከፍል አብሬ እናገራለሁ፦ «እንግሊዝ ኤምባሲ ነኝ፣ አስታውሰኝ ወንድሜ።» ረዳቶች በሚታሙት ልክ አይደሉም፣ አብዛኞቹ ያስታውሳሉ። ከቻልኩ ጋቢና እቀመጣለሁ። መንገዱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ቀጥሎ የሚመጣው አያስደነግጥም። ጆሮዬን በጥጥ እወትፋለሁ። ነጠላ የለበስኩ ቀን ደግሞ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አደርጋለሁ። ነጠላ ተአምር ነው! ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ድምፁን ያደበዝዛል፣ ሰውም የምትጸልዪ መስሎት አያናግርሽም።

ቦርሳዬ ውስጥ መቁጠሪያ አለ። ለጸሎት የገዛሁት ነው፣ ግን ከጸሎትም ውጭ ይዤው እቆያለሁ። እጄ ሥራ ሲያገኝ ጭንቅላቴ ይረጋል። ይሄን የተማርኩት ከሥራ ባልደረባዬ ነው። ስብሰባ ላይ ሙስበሃውን ሲቆጥር ማንም ምንም አይለውም፤ እኔ እስክሪብቶ ሳንቀጫቅጭ ግን ጠረጴዛው ሁሉ ይዞራል።

ቀጥሎ የምናገረው ሊገርማችሁ ይችላል። ለቅሶ ቤት ከሰርግ ቤት ይቀለኛል። ለቅሶ ቤት የሚባለው ነገር የታወቀ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ ዝም ትያለሽ። ዝምታው ነውር የለበትም። ሰርግ ላይ ግን ድምፅ ማጉያው ደረት ይመታል። አሳሳሙ ራሱ ፈተና ነው። አንዱ ሦስቴ ይስማል፣ አንዱ አራቴ፣ አንዱ ትከሻ ይገጫል፤ የቱ እንደሆነ በዓይን ጥቅሻ መገመት አለብሽ። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ምን እንዳለበት የማላውቀው ነገር፣ በሰው ጣት፣ «በሞቴ» ተብሎ፣ አፌ ውስጥ።

ለዓመታት መፍትሔዬ መጥፋት ነበር። «አሞኛል» እያልኩ ቀረሁ። ዘመድ ተቀየመ። «ኮርታለች» ተባለ፣ ደግሞ እነሱም አልተሳሳቱም፣ ከውጭ ሲታይ እንደዚያ ነው። አሁን ከሁሉም ቀድሜ እሄዳለሁ፣ የምገባው ግን ጓዳ ነው። ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ሽንኩርት አለ። ሽንኩርት የሚከትፍ እጅ የሚጠላ ቤት ደግሞ የለም። መክተፊያና ቢላ ስጡኝና ተዉኝ። ከጎኔ ሦስት አራት ሴቶች ይቀመጣሉ። ወሬው በላዬ ያልፋል፣ ደስ ያለኝን ያዝ አደርጋለሁ። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ሁላችንም የምናየው እጃችንን ነው። ድንገት ሆድ ቢብሰኝና እንባ ቢመጣም ሰበቡ ሽንኩርቱ ነው። ዘንድሮ ያቺው አክስቴ «እንደሷ ለሰው የምትደርስ ልጅ የት አለች?» ስትል ሰማሁ። በፊት «ኮርታለች» ያለችው እሷ ነበረች።

ለጉርሻውም አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ፦ «እሺ፣ እጄ ላይ ስጪኝ፣ ጥርሴን እያመመኝ ነው።» ውሸት አለበት። ይቅር ይበለኝ።

ከድግስ ማግስት ቀጠሮ አልይዝም። ድሮ ማግስቱን ተኝቼ ስውል ራሴን በስንፍና እሰድብ ነበር። አሁን ቀን መቁጠሪያዬ ላይ ድግሱን ስጽፍ ከሥሩ «ማግስት» ብዬ እጽፋለሁ። ያን ቀን ስልክ አላነሳም፣ ወጥ አልሠራም፣ ፍርፍር በልቼ መጋረጃ ዘግቼ እውላለሁ። ስድቡን ስተው ድካሙ በአንድ ቀን ያልቅ ጀመር። ድሮ ሳምንት ይፈጅ ነበር።

ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላቴ መጀመር ነው። ሳህኑ ይታየኛል፣ መታጠብ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ማጠቢያው ሦስት እርምጃ ነው። አልሄድም። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። አንድ ቅዳሜ ምስራቸውን በሰፌድ ይዘው ወሬ ሊያወሩኝ መጡ። እሳቸው ምስር ሲለቅሙ እኔ ሳላስበው ሦስት ሳምንት የተከመረ ልብስ አጥፌ ጨረስኩ። አልረዱኝም፣ አላዘዙኝም፣ እዚያ ነበሩ በቃ። ገበሬው ይሄን ደቦ ብሎ ካወቀው ቆይቷል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጠሯችን ነው። እሳቸው የማይመቻቸው ቀን ዱባይ ለምትሠራው እህቴ እደውላለሁ። ስልኩን ክፍት እናደርገዋለን። እሷ ልብስ ትተኩሳለች፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ብዙ አናወራም። አንዳንዴ «አለሽ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ።

ሰዓት ሌላው ጉድ ነው። ስልኬ 8 ሲል እኛ 2 ሰዓት እንላለን። ለሌላው ሰው ስድስት መቀነስ ምንም አይደል። እኔ አንዴ ውጭ አገር ካለ ደንበኛ ጋር በ9 ሰዓት ስብሰባ ተያዘልኝና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ተዘጋጅቼ ቁጭ አልኩ። ሰውየው የጠበቀኝ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልጽፍ የምይዘው ቀጠሮ የለም፤ ስጽፍም በሁለቱም አቆጣጠር ነው፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውን ጨምሬ።

የቢሮ ሥራዬን ደግሞ በቡና አቆጣጠር ነው የምሠራው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ጠንካራው ነው፤ ከባዱን ሥራ፣ የምፈራውን፣ ለአቦል አደርጋለሁ። ሠላሳ ደቂቃ፣ የስልክ ማንቂያ ሞልቼ። ከዚያ ተነስቼ ኮሪደር እዞራለሁ። ቶና መካከለኛው ነው። በረካ ላይ ኢሜይል መመለስና ወረቀት ማስቀመጥ ብቻ። አራተኛ የለም። በረካ ከተጠጣ በኋላ ጀበና የሚጥድ ሰው አይታችኋል?

ሰኔ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ይፈርሳል። አንዴ ሒሳቡ ውስጥ ከገባሁ ምሳ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ጾም አይከብደኝም፣ መፍታቱን ነው የምረሳው። ስለዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ቆሎ የምወድበት ምክንያት አለኝ፤ ትናንትም ዛሬም ያው ነው፣ አያንሸራትትም።

የእድር መቀጮ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስንት ወር እንደከፈልኩ አልናገርም። የመሥሪያ ቤቱን ሚሊዮን ብር በሳንቲም አመሳክራለሁ፣ የራሴን መብራት ግን እረሳለሁ። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲመጣ ግማሹ ሸክም ወረደልኝ። ደመወዝ በገባበት ሰዓት፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ መብራቱንም ውሃውንም እከፍላለሁ። «ማታ እቤት ስገባ» ካልኩ አበቃ። እድሩን ደግሞ የዓመቱን በመስከረም አንዴ እከፍላለሁ። ጸሐፊው መጀመሪያ «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» አሉኝ። በኋላ ግን ደረሰኙን ቆረጡልኝ።

ለእንቅልፍ ፈረንጆች የሚከብድ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ዋጋውን አይቼ ስልኬን ዘጋሁት። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፣ ሁለት ስደርብ ስምንት። ከላይ የአያቴን ቡሉኮ። ሰውነቴ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ያኔ ይታወቀኛል። አዲስ ጋቢ ግን ይኮሰኩሳል፣ ደጋግማችሁ ካላጠባችሁት አትሞክሩት።

አለቃዬ ስለ ምርመራው አያውቅም። የነገርኩት የሚያስፈልገኝን ብቻ ነው። «በቃል የነገርከኝን በቴሌግራም ደግሞ ጻፍልኝ» አልኩት። ይጽፍልኛል። ለሁሉም ሰው ሁሉንም መንገር ግዴታ አይደለም።

የጫማው ቀን ዘንድሮም መጥቷል። ሰኔ ካለቀ በኋላ፣ እንደተለመደው። ዘንድሮ ግን ከጫማው ጋር አልታገልኩም፤ ነጠላ ጫማ አድርጌ ቢሮ ሄድኩ። አለቃዬ ወደ እግሬ አየ፣ ወደ ፊቴ አየ፣ ዝም አለ። ሒሳቡ በሰዓቱ ገብቶ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ሞት ሞት የሚል ሐሳብ ከመጣ ጋቢውም ቆሎውም አይበቃም። የዚያኑ ቀን ለሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። «አማኑኤል» የሚለውን ስም እንደ ስድብ ስለሰማነው የምንፈራ ብዙ ነን። እኔም ፈርቼ ስንት ጊዜ አባክኛለሁ። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ስሙ የሚከብዳችሁ ከሆነ በዚያ ጀምሩ።

እናቴ ስለ ምርመራው ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። ሐኪሟ ጋ ከሄድን ወዲህ ግን እኔም እሷን ማየት ጀምሬያለሁ። ቁልፏ ሁልጊዜ መቀነቷ ላይ ነው። ስኒዎቹ የሚቀመጡት በአንድ ተርታ ነው፣ ሰው ከነካቸው መልሳ ታስተካክላለች። እንግዳ ሲበዛባት «ወጡን ልየው» ብላ ጓዳ ትገባለች፣ ወጡ ከወጣ ቆይቷል። እንዳትረሳው የምትፈልገውን ነገር የነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች።

ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን ሦስት ቋጠሮ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው እማዬ?»

«ይቺ የእድር ናት። ይቺ ደግሞ የአክስትሽ የልጅ ልጅ ክርስትና፣ እንዳንረሳ።»

«ሦስተኛዋስ?»

ነጠላዋን አገላብጣ አየችው። ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው።

«ቆይ፣ ቀልቤን ልሰብስብ» አለች።

ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ቋጠሮውን ግን አልፈታችውም።